ድራይቨር ነኝ፤ መኪና ግን አልነዳም

ባለፈው ግንቦት ወደ ሰመራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ አዳማን እንዳለፍን ወሬ ጀመሩ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ አግብተሃል ወይ የሚለውን የተለመደ ፍተሻ ከጨረሱ በኋላ፣

“ሥራህስ ምንድነው ልጄ?” አሉኝ።

ይቺ ጥያቄ ለእኔ ቢጤው ከባድ ናት። ቀን ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ነፍሴ ያለችው ግን የማታው ሥራዬ ላይ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ አለቃ የለውም፣ ለእናቴም አስረድቻት አላውቅም። እናላችሁ ብዙም ሳላስብ፣

“ድራይቨር ላይ ነው የምሠራው” አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። “የከባድ ነው የቀላል?”

ለካ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ላይ ያሳለፉ ሹፌር ኖረዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ፣ ጦርነቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጅቡቲ ሲመላለሱ ኖረው አሁን አዋሽ ላይ ቤት ሠርተው ተቀምጠዋል። አፍሬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

“አይ ጋሼ፣ የኮምፒውተር ድራይቨር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሥዕል የሚያወጣ ራሱን የቻለ ሞተር አለ፤ ጂፒዩ ይሉታል። ሞተሩ ብቻውን ምንም አያውቅም። ፕሮግራሙ ‘እዚህ ጋ ክብ ሳልልኝ’ ሲል፣ ያንን ሞተሩ በሚገባው ቋንቋ ነግሮ የሚያሠራው ነው ድራይቨር የሚባለው።”

“እና ነጂው አንተ ነህ?”

“እኔ አይደለሁም። ነጂውን የሚጽፉት ብዙ ሰዎች ናቸው። እኔ እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር አስተካክላለሁ።”

ትንሽ አሰቡና፣ “እንግዲያው ሹፌር አይደለህማ፤ ረዳት ነህ በለኛ!” አሉ። ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤን ግን ትንሽ ከንከን አድርጎኛል። የሆነው ሆኖ ሰውየው ልክ እንደነበሩ ያወቅኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አዋሽ ሰባት ላይ መርቀውኝ ወረዱ። አዋሽ መንታ መንገድ ናት። ወደ ቀኝ ያለ ድሬዳዋና ሐረር ይገባል፤ ወደ ግራ የታጠፈ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎጊያና ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ ጅቡቲ ይደርሳል። በዚህ በግራው መንገድ የከባድ መኪናው ሰልፍ አያልቅም። አዲስ አበባ ቁጭ ብለን “ከውጭ የገባ” የምንለው ዕቃ አብዛኛው በዚህ አስፋልት ነው የሚያልፈው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችም ጭምር። የሚገርመኝ ነገር ይኼ ነው፤ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሰመራን እያየ ያልፋትና አዲስ አበባ ይሸጣል። ከዚያ አንዱ ተጠቅሞበት፣ ሌላው ተጠቅሞበት፣ ባትሪው ሲደክምና ማጠፊያው ሲላላ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሰመራ ይገባል። ስለ አንዱ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

ሰመራ የአክስቴ ልጅ አለች፤ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራበት ትንሽ ቤት አላት። ከትምህርት በኋላ እየመጣ የሚያግዛት የሰፈር ልጅ አለ። አፋር ነው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። እኔን “ቲቸር” ይለኛል፤ አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት እጁ የገባችው እ.ኤ.አ. የ2011 ላፕቶፕ ናት። ውስጧ ያለው ቺፕ ሳንዲ ብሪጅ የሚባለው ትውልድ ነው። እና ይኼ ልጅ የጠየቀኝ ፌስቡክ እንዴት ይከፈታል አልነበረም። “ብሌንደር አልከፍት አለኝ” ነው ያለኝ።

ብሌንደር በሦስት ገጽታ ዕቃ፣ ቤት፣ ሰው፣ እንስሳ የሚሠራበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ፊልም የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 አጋማሽ የወጡት የብሌንደር ስሪቶች ለመከፈት ቢያንስ ኦፕንጂኤል 3.3 የሚባለውን የሥዕል ቋንቋ ደረጃ ይፈልጋሉ። በዊንዶውስ በኩል የዚያ ቺፕ ድራይቨር ግን 3.1 ላይ ቆሟል። አምራቹ አዳዲስ ቺፖች አወጣ፣ ፊቱንም ወደ እነሱ አዞረ። ንግድ ነው፣ አልፈርድም። ልጁ ጋ የቀረው ግን “የእርስዎ ማሽን አይችልም” የሚል መልእክት ነው።

ማሽኑ ግን ይችላል። ሊኑክስ ላይ ሜሳ የሚባል ነጻ የድራይቨሮች ስብስብ አለ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ያንኑ ቺፕ 3.3 አድርሰውታል። ሊኑክስ ጫንኩለት፣ ብሌንደር ተከፈተ። እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ግን ይሄዳል። አስቡት፤ ቺፑ ያው ነው። አንዲት ሽቦ አልተጨመረችበትም። የተለወጠው ነጂው ብቻ ነው። መኪና አይችለውም የተባለውን ዳገት ሌላ ሹፌር ሲያወጣው እንደማየት ነው። እኔም የማታ ሥራዬን የያዝኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሜሳን የጀመረው ብራያን ፖል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993፣ በትርፍ ሰዓቱ። በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ያኔ ምንም የሥዕል ቺፕ አይነዳም ነበር፤ ሥዕሉን በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ እያሰላ ነው የሚያወጣው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰው ተጨመረበት። የቺፕ ኩባንያዎችም ደመወዝ እየከፈሉ የሚያሠሯቸው መሐንዲሶች ገቡበት። አምራቹ የቺፑን መመሪያ አልሰጥም ሲል ደግሞ፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰሙ መኪናውን እንደመማር ነው ያደረጉት፤ ዝጉ ድራይቨር ወደ ቺፑ የሚልከውን ቁጥር አንድ በአንድ እየቀዱ ትርጉሙን ገመቱ። ለኤንቪዲያ ካርዶች የተጻፈው ኑቮ በዚህ መንገድ ነው የተወለደው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ላለው ማሊ ለሚባለው ቺፕ ፓንፍሮስት የተባለውን ነጻ ድራይቨር የጀመረችው አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ደግሞ ስትጀምር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ልክ እንደኛ ልጅ። በኋላ እሷና ጓደኞቿ ለአፕል ኤም 1 የጻፉት ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2024 ኦፕንጂኤል 4.6 ደርሷል፤ አፕል ራሱ በገዛ ማሽኑ ላይ የሚሰጠው እስከ 4.1 ነው።

ለአሮጌዎቹም የሚያስብ ሰው አለ። ዴቭ ኤርሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሮከስ የሚባል ድራይቨር ጽፎ ሜሳ ውስጥ አስገባ፤ ለአሮጌዎቹ የኢንቴል ቺፖች፣ ሳንዲ ብሪጅንም ጨምሮ። ከዚያ በኋላ የድሮው ድራይቨር ከዋናው ሜሳ ሲወጣ እነዚያ ላፕቶፖች ሜዳ ላይ ያልቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሰመራ ያለው ልጅ ዴቭ ኤርሊን አያውቀውም። ዴቭ ኤርሊም ሰመራን አያውቃት ይሆናል። ሥራው ግን ደርሷል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንምጣ።

ስክሪናችሁ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትሆን የምትወስን ትንሽዬ ፕሮግራም አለች፤ ሼደር ትባላለች። የልጁ ላፕቶፕ ስክሪን በአግድም 1366፣ በቁመት 768 ነጥብ ነው፤ ይባዛ ቢባል ከአንድ ሚሊዮን በላይ። ሼደሯ ለእያንዳንዷ ነጥብ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ትሠራለች። ሼደሯን የጻፈው ሰው ግን የልጁን ቺፕ ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ ድራይቨሩ ውስጥ አስተርጓሚ ይቀመጣል፤ ሼደር ኮምፓይለር የሚሉት እሱን ነው። ከድራይቨሩ ሥራ አስቸጋሪው፣ ጣፋጩም እዚህ ጋ ነው።

የአዋሽን ገበያ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አፋሩ፣ ከረዩው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ሶማሌው ይገናኛል። እያንዳንዱ የእያንዳንዱን ቋንቋ ይማር ቢባል ገበያው ሳይጀመር ይመሻል። መሃል ላይ አንድ ሁሉም የሚሞክራት ቋንቋ ትኖራለች። ሜሳም እንደዚያው ነው። አራት የሼደር ቋንቋና አሥር ዓይነት ቺፕ ቢኖር፣ ቀጥታ ለመተርጎም 40 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። መሃል ላይ አንድ የጋራ ቋንቋ ካለ ግን 14 ይበቃል፤ አራቱ ወደ መሃል፣ አሥሩ ከመሃል ወደ ቺፑ። ሜሳ ውስጥ ይህች የመሃል ቋንቋ ኤንአይአር ትባላለች። እና ትርጉሙ መሃል ላይ ሲደርስ ሥራ የሚያሳጥሩ ሕጎች ይበሩበታል፤ “በ1 ማባዛት ካየህ ተወው”፣ “ዜሮ መደመር ካየህ ሰርዘው” የሚሉ ዓይነት። መቶዎች ናቸው። ሕጎቹ አጫጭር ስለሆኑ ጀማሪም ቢሆን አንብቦ ይገባዋል፤ እኔም የገባሁት በዚያ በር ነው።

እናላችሁ ባለፈው ክረምት መጨረሻ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። የልጁን ብሌንደር ፈጣን ላደርግለት አንድ የራሴን ሕግ ጻፍኩ፤ የአንድን ቁጥር ካሬ ሥር ከማስላት ይልቅ ቁጥሩን በካሬ ሥሩ ግልባጭ ማባዛት። በወረቀት ላይ ያው ነው። ከዚያ አዲሱን ሜሳ አውርጄ፣ ከላዩ ላይ ስድስት የራሴን ለውጦች ጨምሬ፣ ኮምፓይል አድርጌ በቴሌግራም ላክሁለት። ጓደኞቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ። “የራሴ ድራይቨር ሰመራ ላይ እየሠራ ነው” ብዬ ጉራ ነፋሁ።

ወደ ሜሳ ግን አላክሁትም። ለምን ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። እዚያ የላካችሁት ነገር ሁሉ ሰው ፊት ይነበባል፤ ይጠየቃል፤ በተለያየ ቺፕ ላይ ይሞከራል። “ይቺን ለምን እንዲህ አደረግካት?” የሚለኝ ሰው ፊት መቆም አልፈለግኩም። ኬላ ላይ እንዳይፈተሽ በጫካ እንደሚዞር ሹፌር ሆንኩ ማለት ነው።

ሚያዝያ ላይ ልጁ ደወለ። “ቲቸር፣ የጎጆዬ ጫፍ ይጠቁራል” አለ።

እኔ ደግሞ በሙሉ ልብ፣ “እነዚያ ሰዎች አዲሱ ስሪት ላይ የሆነ ነገር አበላሽተው ነው። መጥቼ አገኘዋለሁ” አልኩት። እነዚያ ሰዎች! እስካሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ሰመራ የክልሉን ዋና ከተማነት ከአሳይታ የተረከበች አዲስ ከተማ ናት። መንገዷ ሰፊ፣ ጥላዋ ትንሽ። ግንቦት ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ከቤት መውጣት ቅጣት ነው። ላፕቶፑ ራሱ ይግላል፤ ሲግል ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የምንሠራው ማታ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ሱቁን ከዘጋች በኋላ፣ ቬንትሌተሩን ሰው ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ አዙረን።

ልጁ የሠራው ጎጆ የአፋር ጎጆ ነው። ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ፣ ግማሽ ኳስ የመሰለ፣ ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት። ሰሌኑን አንድ በአንድ ነው የደረበው። ከላይ ፈካ፣ ወደ ጎን ሲወርድ ጠቆር እንዲል ቀለሙን አስተካክሎታል። እውነቱን ለመናገር ባየሁት ጊዜ ዝም ነው ያልኩት። ጫፉ ላይ ግን ሌሊት የመሰለ ጥቁር ነገር አለ። ጎጆውን ስታዞሩት አብሮ ይዞራል።

በሁለተኛው ቀን እናቱ እራት ይዘውልን መጡ። አማርኛ ብዙም አይናገሩም። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ በአፋርኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። የአፋር ጎጆ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ እሳቸውም ስንት ጎጆ አቁመዋል።

“ምን አሉ?” አልኩት።

“ያፈሳል አለች።”

“ይኼን ሁሉ ተናግረው ‘ያፈሳል’ ብቻ?”

“ባጭሩ ነው ቲቸር” አለና ሳቀ።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ልጁ የድሮውን የሚሠራ ድራይቨር አልጣለውም። በዚያና በአዲሱ መካከል ወደ 2,000 የሚጠጉ ለውጦች አሉ። 2,000ውን አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። ከ1 እስከ 2,000 አንድ ቁጥር ያዝና ልገምትልህ እንደሚባለው ጨዋታ ነው፤ መሃሉን ትሞክራላችሁ፣ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ከጠቆረ ከዚያ በፊት ነው። በየጊዜው ግማሹ ይወድቃል። 11 ጊዜ ሞክራችሁ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ። ጊት ባይሴክት ይባላል። እኔ በእኔ ማሽን ኮምፓይል አደርጋለሁ፣ በፍላሽ ልጁ ጋ ይሄዳል፣ እሱ ጎጆውን ከፍቶ ያዞርና ይፈርዳል።

የመጀመሪያው፤ “ደህና ነው።” ሁለተኛው፤ “ደህና ነው።” ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ የእኔ ባትሪ እስኪያልቅ ሠራን፣ ከዚያ ውጭ ወጥተን ኮከብ ቆጠርን። በማግስቱ ማታ ቀጠልን። አራተኛው ደህና። አምስተኛው ደህና። ስድስተኛው ላይ የሆነ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ። ሁሉም ደህና ከሆነ ፍለጋው ወደ መጨረሻው፣ ወደ አዲሱ ጫፍ እየተጠጋ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ያሉት ስድስቱ የእኔ ናቸው።

ስምንተኛው ደህና ነው ሲል ልጁ በደስታ ነበር። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ የሰመራ ሙቀት ብቻ አልነበረም። አሥረኛው ላይ፣ “ጠቆረ!” ብሎ ጮኸ። በ11ኛው አለቀ። ኮምፒውተሩ “የመጀመሪያው የተበላሸ ለውጥ ይኼ ነው” ብሎ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የጻፈውን ሰው ስም አወጣ። የእኔን ስም።

ያቺ የማኪያቶዋ ሕግ ናት። በወረቀት ላይ ያው ነው ያልኳችሁ ለሁሉም ቁጥር ያው አይደለም። ዜሮ ላይ ተለየ። የዜሮ ካሬ ሥር ዜሮ ነው። የካሬ ሥሩ ግልባጭ ግን መጨረሻ የሌለው ይሆናል፤ ዜሮ በመጨረሻ የለሽ ሲባዛ ቺፑ “ቁጥር አይደለም” የሚል ነገር ያወጣል። የልጁ ቀለም የሚሰላው ሰሌኑ ምን ያህል ወደ ጎን እንዳዘነበለ ተለክቶ ነው። ጎጆው ጫፍ ላይ ማዘንበል የለም፤ ዜሮ ነው። ያቺ አንዲት ነጥብ ስትበላሽ እሷን የሚነኩት ሦስት ማዕዘኖች ሁሉ ጠቆሩ።

አልሞከርከውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ፤ በእኔ ማሽን። ግን ሕጉን ለአሮጌው ቺፕ ብቻ እንዲበራ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። በእኔ አዲስ ቺፕ ላይ አንድም ጊዜ አልበራም። ስለዚህ ሞከርኩት ያልኩትን አልሞከርኩትም።

ለልጁ እንዴት እንደምነግረው ጠፋኝ። ስሜን ስክሪኑ ላይ አይቶታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እነሱ ምንም አላበላሹም” አልኩት። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣

“እና ጎጆዬ ትክክል ነበር?” አለኝ።

ለካ ድራይቨሩን የላክሁለት ቀን ነው ጫፉ የጠቆረው። ለወራት አልነገረኝም፤ የእሱ ጥፋት መስሎት። ጎጆውን ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንደገና ሠርቶታል። “አልችልም ማለት ነው” ብሎ አንዴ ሊተወውም ነበር። ሚያዝያ ላይ የደወለልኝ የመጨረሻ ተስፋው ነበር።

ጎበዝ፣ እኔ ስለ ነጻ ሶፍትዌር ብዙ ተናግሬያለሁ። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ያየዋል፣ ማንም ያስተካክለዋል እያልኩ ካፌ ውስጥ ሰብኬያለሁ። ያን ማታ ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ጋ የነበረው ኮድ ክፍት ነበር፣ ግን ከእኔ በቀር ማንም አላየውም። “የእርስዎ ማሽን አይችልም” ከሚለው መልእክት የእኔው የሚከፋው፣ ያኛው ቢያንስ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ነው የጣለው። የእኔው ልጁ ላይ ነው የጣለው።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጁ በራሱ ጊዜ፣ “እናቴ ያኔ ያለችው ሌላም ነበር” አለኝ። “‘የሠራው ሰው አድሮበታል ወይ?’ ብላለች። አስፈላጊ አልመሰለኝም፣ አሳጠርኩት።”

መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። አየህ፣ አንተም እንደኔ ኮምፓይለር ነህ አልኩት፤ ስታሳጥር ዋናውን ጣልከው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ተገድቧል፤ ከዚያ ወዲህ ሸንኮራው አለ፣ ጥጡ አለ፣ እዚሁ ሎጊያ አጠገብ ደግሞ የተንዳሆ ግድብ አለ። ባሕር አይገባም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ታች ያለ ሰው ላይ ያለው የተረፈውን፣ ላይ ያለው ያቆሸሸውንም ይጠጣል። ነጻ ሶፍትዌር ውስጥም ዋናውን ፕሮጀክት “አፕስትሪም” ይሉታል፤ የወንዙ ላይኛው ማለት ነው። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በወንዝ ታች ያለ ሰው ወደ ላይ ውኃ መላክ አይችልም። እዚህ ግን ይችላል። ሰመራ የተገኘ ጥፋት ወደ ላይ ይላካል፣ እዚያ ይታያል፣ ተስተካክሎ ወደ ሁሉም ይወርዳል፤ ያን ቺፕ ይዞ ሌላ አገር ወደ ተቀመጠውም ጭምር። እኔ ያደረግኩት ግን መሃል ላይ የራሴን ቦይ ቀድጄ፣ ያልተጣራ ውኃ አንድ ቤት ብቻ ማስገባት ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሕጉን ዜሮን እንዲያከብር አድርጌ ጻፍኩትና፣ እየፈራሁ ወደ ላይ ላክሁት። የመጀመሪያው መልስ ምን ሆነ መሰላችሁ? “በየትኛው ማሽን ላይ ሞከርከው?” የሚል ነው። እንደፈራሁት ስድብ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። የእናትየው ጥያቄ። አሁን ግን መልስ ነበረኝ። ልጁ ሰመራ ላይ ሆኖ፣ በማታ፣ የተባለውን ሙከራ በሙሉ በላፕቶፑ ላይ አሂዶ ውጤቱን ልኳል። ከማስተካከያው ሥር “የሞከረው” በሚለው መስመር ላይ የገባው የእሱ ስም ነው፤ ራሱ ይግባ ብሎ። ማስተካከያው ገና አልገባም። አንዱ ገምጋሚ “የሚያተርፈው ፍጥነት ይህን ያህል አይደለም፤ ይቅር” ብሏል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ቢቀርም አይቆጨኝም።

ልጁ ሰሞኑን ሌላ ነገር ጠየቀኝ። “ቲቸር፣ እነሱ ጋ እንደኔ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ብዙ ነው?” አለ። ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነው አልኩት። ኮድ ጸሐፊው አዲስ ማሽን ይገዛል፤ አሮጌው እሱ ጋ አይቆይም። አሮጌው ያለው እኛ ጋ ነው፤ ሰመራ፣ አዋሽ፣ መርካቶ ጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ። እናንተም ቤት አልጋ ሥር አንድ ሳይኖር አይቀርም። አትጣሉት። ሊኑክስ ጫኑበት፣ አዲሱን ሜሳ ሞክሩበት፣ የተበላሸ ነገር ስታዩ “የእኔ ጥፋት ነው” ብላችሁ ዝም አትበሉ። መቼ እንደተበላሸ ፈልጋችሁ፣ በጥንቃቄ ጽፋችሁ ወደ ላይ ላኩት። ለዚህ ፕሮግራም መጻፍ መቻል እንኳ አያስፈልግም። ጎጆውን ከፍቶ፣ አዙሮ፣ “ደህና ነው”፣ “ጠቆረ” ማለት ይበቃል።

ስመለስ አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ ቆመ። ሰውየውን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም። ከአንዱ ቆሞ ከነበረ ከባድ መኪና ሥር አንድ ወጣት ረዳት ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ይመታል፤ ድምፁን እየሰማ ያልፋል። ሹፌሩ ገቢና ውስጥ ተኝቷል። ቆሜ ትንሽ አየሁት። ከዚህ በኋላ ሥራህ ምንድነው ሲሉኝ ምን እንደምል አውቄያለሁ።

ረዳት ነኝ።